የበርበሬን ቀለሞች በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ መለየት፤ አሟሚን በሞለኪውሎች መሳሳብ ለመምረጥ የሚረዳ መመሪያ

በክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ድብልቅን በንጣፍ ላይ በሚጓዝ ፈሳሽ (አሟሚ) ወደየክፍሉ በመለየት ሥራ የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛውን አሟሚ ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል መጠን ልቀላቅል?» የሚል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መልሱን ከአንድ የታተመ ጽሑፍ ገልብጦ ሥራውን ይቀጥላል። የተገለበጠው መጠን ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን ፕሌቱ (ስሱ ንጣፍ የተለበጠበት ሰሌዳ) ከሌላ አምራች ሲመጣ፣ የክረምቱ እርጥበት ሲገባ ወይም ናሙናው ሲለወጥ ነጥቦቹ ወይ መነሻው መስመር ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ አለዚያም ሁሉም ተያይዘው ወደ ላይኛው ጠርዝ ይወጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ምን መለወጥ እንዳለበት ሊያውቅ የሚችለው ሟሚው (የሚለየው ቀለም) ከአሟሚው ጋር፣ ሟሚው ከንጣፉ ጋር፣ አሟሚውም ከንጣፉ ጋር ያላቸውን መሳሳብ ለያይቶ የሚያይ ሰው ነው። ይህ መመሪያ ሐዋሳ ውስጥ በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ የኬሚስትሪ ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ በምሳሌነት የሚወስደው ከከተማው ገበያ በቀላሉ የሚገኘውን በርበሬ ነው።

በርበሬ ለዚህ ትምህርት የሚመቸው ቀለሞቹ በዓይን ስለሚታዩና ውድ መሣሪያ ስለማያስፈልግ ብቻ አይደለም። የበሰለ ቀይ በርበሬ በአንድ ዛላ ውስጥ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የካርቦን አጥንት ያላቸውን፣ ነገር ግን በያዙት የኦክስጅን ቡድን የሚለያዩ ሞለኪውሎችን ይዟል፦ ቤታ ካሮቲን ምንም ኦክስጅን የለውም፤ ቤታ ክሪፕቶዛንቲን አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን፣ ዚያዛንቲን ሁለት አላቸው፤ ለቀይነቱ ዋነኛው ምክንያት የሆነው ካፕሳንቲን ደግሞ ሁለት ሃይድሮክሲልና አንድ የኪቶን ቡድን ይዟል። በዚህ ላይ የንግዱ ጉዳይ ይጨመራል። ለሰም፣ ለዘይትና ለመሳሰሉት ማቅለሚያ የተሠራው ሱዳን 1 የተባለው ሰው ሠራሽ ቀለም የበርበሬ ዱቄትን ለማድመቅ በተለያዩ አገሮች ሲጨመር ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በዚሁ ቀለም የተበከለ የበርበሬ ዱቄት የገባባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ውጤቶች ከመደብሮች ተሰብስበዋል። ስለዚህ የተፈጥሮውን ቀለም ከተጨመረው መለየት ከትምህርት ያለፈ ጥቅም አለው።

መሟሟት ሲባል ምን ይከናወናል?

አንድ ሞለኪውል ወደ ፈሳሽ ሲገባ አሟሚው አስቀድሞ የራሱን ሞለኪውሎች አላቅቆ ለገቢው የሚበቃ ክፍተት መክፈት አለበት። ይህ ሁልጊዜ ኃይል የሚያስከፍል ሲሆን፣ የክፍያው መጠን የሚወሰነው የአሟሚው ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው በተያያዙበት ጥንካሬ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ አጥብቀው ስለተሳሰሩ በውሃ ውስጥ ክፍተት መክፈት ከባድ ነው፤ በሄክሴን ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹ የተያያዙት የለንደን ኃይል በሚባለው፣ በማንኛውም ሞለኪውሎች መካከል ባለ ደካማ መሳሳብ ብቻ በመሆኑ ክፍተቱ በርካሽ ይከፈታል። ሟሚው በክፍተቱ ውስጥ ካረፈ በኋላ ከከበቡት የአሟሚ ሞለኪውሎች ጋር የሚፈጥረው መሳሳብ ያወጣውን ኃይል በከፊል ወይም በሙሉ ይመልሳል። ካሮቲን በውሃ የማይሟሟው ውሃ «ስለሚጠላው» ሳይሆን፣ 40 ካርቦን ያለው ረጅም ሞለኪውል የሚጠይቀው ክፍተት ውድ ሆኖ ሳለ በምላሹ የሚሰጠው የሃይድሮጅን ቦንድ ስለሌለ ነው።

«ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚለው የክፍል ውስጥ አባባል ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃል፤ ለክሮማቶግራፊ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ፖላርነት (በሞለኪውሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል) አንድ ነጠላ ጠባይ አይደለም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ማይክል አብርሃም ባቀረቡት ስሌት የአንድ ሟሚ ጠባይ በአምስት ቁጥሮች ይገለጻል፦ የሞለኪውሉ መጠን፣ የዳይፖልነቱ (አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ነጌቲቭ የመሆኑ) ጥንካሬ፣ ኤሌክትሮኖቹ በቀላሉ የመነቅነቃቸው ነገር፣ ሃይድሮጅን የመለገስ አቅሙና ሃይድሮጅን የመቀበል አቅሙ። አሟሚውም በበኩሉ ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የራሱ ምላሽ አለው። አሴቶንና ዳይክሎሮሜቴን ሁለቱም «መካከለኛ ፖላር» ይባላሉ፤ ሆኖም አሴቶን ጥሩ ሃይድሮጅን ተቀባይ ሲሆን ዳይክሎሮሜቴን ግን ተቀባይነቱ እጅግ ደካማ ነው፤ ኃይሉ ከዳይፖሉና ከትንሽ የመለገስ ጠባዩ የሚመጣ ነው። የዚህ መመሪያ ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ የአሟሚው ጥንካሬ ነጥቦቹን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፣ እርስ በርስ የሚለያያቸው ግን የመሳሳቡ ዓይነት ነው።

መሳሳቡን በዓይን ማየት የሚፈልግ መምህር የጀርመናዊውን የክርስቲያን ራይካርት ቀለም ካገኘ ያንኑ አንድ ቀለም በተለያየ አሟሚ ውስጥ ያሟሟ፤ በሜታኖል ቀይ፣ በኤታኖል ሐምራዊ፣ በአሴቶን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የከበበው አሟሚ ነው።

ሲሊካው የሚያደርገው

በፕሌቱ ላይ የተነጠፈው ሲሊካ ጄል በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ብዛት የተነሣ በአንድ ግራም 500 ካሬ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ገጽ ሲኖረው፣ በሙሉ በሃይድሮክሲል በተሸፈነ ገጹ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ናኖሜትር ወደ 5 የሚጠጉ የሲላኖል ቡድኖች (ከሲሊከን ጋር የተያያዙ ሃይድሮክሲሎች) ይገኛሉ። ሲላኖል ሃይድሮጅን ለጋሽ ነው፤ ስለዚህ አጥብቆ የሚይዘው ሃይድሮጅን የሚቀበሉ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያላቸውን ሞለኪውሎች ነው። ነገር ግን ሟሚው ባዶ ገጽ ላይ አያርፍም፤ አሟሚው አስቀድሞ ቦታውን ይዞታል። ወንበሩ ሁሉ በተያዘ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ እንዲቀመጥ ሌላው መነሣት እንዳለበት ሁሉ፣ ሟሚው ሲላኖል ላይ የሚያርፈው የአሟሚ ሞለኪውል አስነሥቶ ነው። አሴቶን ከጨመሩ ነጥቦቹ ወደ ላይ የሚወጡት በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አሴቶኑ ቀለሙን ይበልጥ የማሟሟቱ ድርሻ ሁለተኛ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው «ቀለሙ በሄክሴን በደንብ ሟሟ፣ ታዲያ ለምን በሄክሴን አይሄድም?» ብሎ ይቸገራል።

የፕሌትና የጠርሙስ ዝግጅት

በአልሙኒየም ላይ የተለበጠ የፋብሪካ ፕሌት ካለ በመቀስ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ ይቁረጡት። ፕሌቱ ከሌለና ጂፕሰም የተቀላቀለበት ሲሊካ ጄል ጂ ከተገኘ በመስታወት ላይ ማንጠፍ ይቻላል፤ 30 ግራም ዱቄት ከ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ተበጥብጦ ጂፕሰሙ ሳይጠነክር ፈጥኖ ከተነጠፈ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ፕሌቶች ይወጡታል። በእጅ የተነጠፈው እንደ ፋብሪካው እኩል አይሆንም፤ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ተማሪውም ንጣፉ ከምን እንደተሠራ በዚያው ያውቃል።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ሲሊካ ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ውሃ ደግሞ ከማንኛውም አሟሚ በላይ ሲላኖሉን አጥብቆ ስለሚይዝ እርጥበት የጠጣ ፕሌት ነጥቦቹን መያዝ ያቅተዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሐዋሳ የተሠራ ፕሌትና ጥር ላይ የተሠራ ፕሌት በአንድ ዓይነት አሟሚ የተለያየ ውጤት ቢሰጡ ሊያስገርም አይገባም። ስለሆነም ፕሌቱን በማድረቂያ ኦቨን ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ያድርቁትና በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ ያቀዝቅዙት፤ ከዚያ አውጥተው ሳይዘገዩ ይጠቀሙበት። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ፕሌት በደቂቃዎች ውስጥ የደረቀበትን ጥቅም ያጣል።

ለማስኬጃ ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። ከውስጥ በኩል ግድግዳውን በማጥለያ ወረቀት ይሸፍኑ፣ የተቀላቀለውን አሟሚ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍታ እስኪደርስ ጨምረው ወረቀቱን ያርሱት፣ ከድነውም 15 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ይህ ካልተደረገ አሟሚው ከፕሌቱ ላይ እየተነነ ይሄዳል፤ በዳርና ዳር የሚተነው ከመሐል ስለሚበልጥም ነጥቦቹ ጫፍና ጫፍ ላይ ከፍ፣ መሐል ላይ ዝቅ ብለው ይጣመማሉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ትንሽ ያልፋል፤ በመጻሕፍት 56 ዲግሪ ላይ ይፈላል የተባለው አሴቶን እዚህ 50 አካባቢ ይፈላል፣ 69 ዲግሪ የተባለው ሄክሴንም በተመሳሳይ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይወርድለታል። ትነት የሚያበላሸው ሥራ ሁሉ እንግዲህ እዚህ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዳይኢታይል ኤተር እዚህ 29 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በሞቃት ከሰዓት በኋላ ጭራሹን ባይነካ ይሻላል።

ሄክሴን በሚኖርበት ክፍል ምድጃም ክብሪትም አይኖርም። ከዚህ ሌላ ሄክሴን በተደጋጋሚ ለሚተነፍሰው ሰው የእጅና የእግር ነርቮችን የሚጎዳ በመሆኑ፣ ሄፕቴን ከተገኘ እርሱን መተካት ይመረጣል፤ የመሳሳቡ ዓይነት አንድ ነው። የመኪና ቤንዚን ስሙ የሚመሳሰለውን ሌላ ውህድ (benzene) እና ቶሉዊንን የመሰሉ የአሮማቲክ (የካርቦን ቀለበት ያላቸው) ውህዶችንም ስለያዘ፣ ነጭ ጋዝ ደግሞ ለመድረቅ ስለሚዘገይ በሄክሴን ምትክ አይሆኑም። ብዙ ሰው ይሞክራቸዋል፤ አልመክርም።

ናሙናውን ማውጣት

ማነጻጸሪያ ከሌለ ክሮማቶግራፊ ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ከዱቄቱ በፊት ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ ይግዙ። የማረቆም ሆነ የሀላባ ዛላ ይሆናል። እጀታውንና ፍሬውን አውጥተው ቅርፊቱን በንጹሕ ሙቀጫ ይውቀጡና በወንፊት ይንፉት፤ ምን እንደገባበት በእርግጠኝነት የሚያውቁት ዱቄት ይህ ብቻ ነው። ከገበያ የሚገዛው ደግሞ ያልተቀመመ ተራ ዱቄት ቢሆን ይመረጣል። የተቀመመው ከገባበት በሶብላ የክሎሮፊል አረንጓዴ ነጥቦችን ያመጣል፣ እርድ የነካው ከሆነም ኩርኩሚን የተባለው ቢጫ ቀለም ከታች ይቀራል፤ ኩርኩሚን በረጅም ሞገድ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ሆኖ ስለሚያበራ መለየቱ አያስቸግርም።

ከእያንዳንዱ ዱቄት 1 ግራም መዝነው በ10 ሚሊ ሊትር የሄክሴንና የአሴቶን እኩል ድብልቅ ውስጥ፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል እያናወጡ ያቆዩት። ሁለቱ አሟሚዎች የሥራ ድርሻቸው የተለያየ ነው፤ አሴቶን በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ባለው ስኳርና እርጥበት መካከል ሰርጎ ሕዋሱን ይከፍታል፣ ሄክሴን ደግሞ ቅባታማውን ቀለም ይሸከማል። ብልቃጡን በአልሙኒየም ፎይል ይጠቅልሉት፣ ካሮቲኖይድ (የካሮቲን ቤተሰብ የሆኑት እነዚህ የበርበሬ ቀለሞች) በብርሃንና በአየር ይፈዛልና። ዝቃጩ ሲቀመጥ በማጥለያ ወረቀት ያጥሩት፤ በደንብ ከተሠራ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ፈሳሽ ይወጣል።

በፕሌቱ ላይ ከታች 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው መነሻ መስመሩን በእርሳስ ያስምሩ፤ የብዕር ቀለም ራሱ ተነሥቶ ስለሚሄድ እስክሪብቶ አይነካውም። በቀጭን የመስታወት ካፒላሪ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስፋት ያለው ነጥብ ያኑሩ፣ አየር አድርቆት እንደገና በዚያው ላይ ይድገሙ። ዛላውን በግራ፣ የገበያውን በቀኝ፣ ሁለቱንም ተደራርበው በመሐል ያድርጓቸው። የሱዳን 1 ማነጻጸሪያ በቤተ ሙከራው ካለ በጓንት ይዘው አራተኛ ነጥብ ያኑሩለት። ከዚያ ፕሌቱን መነሻው መስመር ከአሟሚው በላይ እንዲሆን አድርገው ያቁሙት፤ ነጥቡ ከተዘፈቀ ቀለሙ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ጠርሙሱ ውስጥ ይሟሟል። አሟሚው ከላይኛው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አውጥተው የደረሰበትን ጠርዝ ሳይተን ወዲያውኑ በእርሳስ ያመልክቱ።

አሟሚውን መምረጥ፤ በመጀመሪያ ጥንካሬው

ነጥቡ የተጓዘው ርቀት አሟሚው ለተጓዘው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው አር ኤፍ ዋጋ ከ0.2 እስከ 0.5 መሐል ቢያርፍ ጥሩ ነው። በንጹሕ ሄክሴን ይጀምሩ። ከቤታ ካሮቲን በስተቀር የሚንቀሳቀስ የለም ማለት ይቻላል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው፣ ሄክሴን ከሲላኖል ላይ ማንንም ማስነሣት አይችልምና። ቀጥሎ 80 እጅ ሄክሴን ከ20 እጅ አሴቶን ጋር ይሞክሩ። አሁን ካሮቲኑ ከአሟሚው ጠርዝ ጋር ይወጣል፤ ከሥሩ ሁለቱም ሃይድሮክሲላቸው በቅባት አሲድ የተሸፈነባቸው ዳይኤስተሮች፣ ከእነርሱ በታች አንዱ ብቻ የተሸፈነባቸው ሞኖኤስተሮች፣ መነሻው አጠገብ ደግሞ ነጻው ካፕሳንቲን ይሰለፋሉ። የበሰለ በርበሬ ካፕሳንቲን አብዛኛው በሎሪክ፣ በሚሪስቲክና በፓልሚቲክ አሲድ ተሸፍኖ ስለሚገኝ የታችኛው ነጥብ ደካማ ቢሆን ናሙናው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

መጠኑን በግምት ከመለዋወጥ ይልቅ የአሜሪካዊው የሎይድ ስናይደር የፖላርነት ቁጥር ይረዳል። በዚህ ሚዛን ሄክሴን 0.1፣ ቶሉዊን 2.4፣ ዳይክሎሮሜቴን 3.1፣ ኢታይል አሴቴት 4.4፣ አሴቶን 5.1፣ ሜታኖልም 5.1፣ ውሃ 10.2 ናቸው። የድብልቁ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ በቁጥሩ ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘው ነው፤ ከላይ ያለው ድብልቅ 0.8 ጊዜ 0.1 ሲደመር 0.2 ጊዜ 5.1፣ ማለትም 1.1 ይሆናል። ቁጥሩ በ2 ሲጨምር መያዙ በግምት 10 እጥፍ ይቀንሳል። መያዙን ለማወቅ ከ1 ላይ አር ኤፍን ቀንሰው ለአር ኤፍ ያካፍሉ፤ አር ኤፍ 0.1 የሆነ ነጥብ መያዙ 9 ነው፣ 0.33 ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ወደ 2 መውረድ አለበት፣ ይህም 4.5 እጥፍ ስለሆነ ቁጥሩን በ1.3 ገደማ ማሳደግ ይጠይቃል።

ስሌቱ ግን መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሲሊካ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት በመቶዎች አሴቶን ከኋለኞቹ ይልቅ ብዙ ይሠራሉ፣ ከ0 ወደ 5 በመቶ መሄድና ከ 40 ወደ 45 መሄድ እኩል አይደሉም። ቶሉዊንና ዳይክሎሮሜቴንም ሲላኖል ላይ አጥብቀው ስለማይቀመጡ ቁጥሩ ከሚለው በላይ መጠን ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የመሳሳቡ ዓይነት

አሁን ከገበያው ዱቄት የወጣ አንድ ብርቱካናማ ነጥብ ከኤስተሮቹ ጋር ተደራርቦ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ልምድ የሌለው ሰው የአሴቶኑን መጠን ከ20 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 10 እያወረደ ፕሌት ይጨርሳል፤ ሁለቱ ነጥቦች ግን ተያይዘው ይወርዳሉ፣ ተያይዘው ይወጣሉ። ጥንካሬ ሲለወጥ የመሳሳቡ ዓይነት አልተለወጠምና። አሴቶንን በኢታይል አሴቴት መተካትም እምብዛም አይጠቅምም፤ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1974 አሟሚዎችን በመሳሳባቸው ዓይነት በስምንት ቡድን ሲመድቡ ሁለቱን በአንድ ቡድን ያኖሯቸው በመሆኑ፣ በ20 በመቶ አሴቶን ፈንታ 23 በመቶ ኢታይል አሴቴት ማድረግ ከሞላ ጎደል ወደዚያው ቦታ ይመልሳል። መለወጥ ያለበት ቡድኑ ነው፤ ከሃይድሮጅን ተቀባዮቹ ወጥቶ ወደ ዳይክሎሮሜቴን ወይም ወደ ቶሉዊን መሄድ ያስፈልጋል።

ለሱዳን 1 ቶሉዊን የሚመረጥበት ምክንያት ከሞለኪውሉ ቅርጽ ይመጣል። ሱዳን 1 ናፍታሊን ላይ የሃይድሮክሲል ቡድን አለው፣ ከጎኑም አዞ (azo) የሚባለው የናይትሮጅን ጥንድ ይገኛል። በወረቀት ላይ ያየው ሰው ሲሊካው አጥብቆ ይይዘዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሃይድሮክሲሉ ሃይድሮጅኑን ለራሱ ጎረቤት ናይትሮጅን ሰጥቶ በሞለኪውሉ ውስጥ ቦንድ ስለፈጠረ፣ ለጋሹም ተቀባዩም ሥራ ስለያዙ ለሲላኖል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህንኑ በቀላሉ ማሳየት የሚፈልግ መምህር ኦርቶ ናይትሮፌኖልንና ፓራ ናይትሮፌኖልን ጎን ለጎን ያስኪድ፤ አቶሞቻቸው ያው ሆነው ሳለ ኦርቶው በሞለኪውሉ ውስጥ ስለታሰረ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ፓራው ግን ሃይድሮክሲሉ ነጻ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። የመፍያ ነጥባቸውም ልዩነት ከዚሁ የመጣ ነው፤ ኦርቶው 215 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ፓራው ወደ 279 ይጠጋል።

ስለዚህ በንጹሕ ቶሉዊን ሲያስኬዱ፣ የተሸሸገው ሱዳን 1 በአሮማቲክ ቀለበቶቹ አማካይነት ከቶሉዊኑ ጋር ተስማምቶ ከፍ እንዲል ይጠበቃል፤ የኪቶንና የኤስተር ኦክስጅኖቻቸው ለሲላኖል ክፍት የሆኑት የካፕሳንቲን ኤስተሮች ደግሞ ቶሉዊን ከሲላኖል ላይ ሊያስነሣቸው ስለማይበረታ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ውሳኔ የሚሰጠው ግን የገበያው ናሙና ከሱዳን 1 ማነጻጸሪያው ጋር በአንድ ቦታ ተደራርቦ የሚኖርበት ነጥብ ነው። ተደራርበው ከተኖሩት ሁለቱ አንድ ክብ ነጥብ ሆነው ከቀሩ ምናልባት አንድ ናቸው፤ ከተሰነጠቁ በእርግጥ ሁለት ናቸው።

በአልካሊ ማረጋገጥ

ጥርጣሬው ካልለቀቀ ከአሟሚው ይልቅ ሟሚውን መለወጥ ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ሙከራም ይህ ነው። ከጭማቂው (ከዱቄቱ ካወጡት ባለ ቀለም ፈሳሽ) 5 ሚሊ ሊትር ወስደው አሴቶኑ ፈጽሞ እስኪጠፋ በፊውም ሁድ (ጋዝን በሚስብ የሥራ ሳጥን) ውስጥ ያትኑት፤ አሴቶን በጠንካራ አልካሊ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣምሮ ሌላ ቢጫ ነገር ስለሚፈጥር ቅሪቱ ሥራውን ያበላሻል። የቀረውን በጥቂት ሄክሴን አሟሙተው በእኩል መጠን በኤታኖል የተዘጋጀ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ይጨምሩበት፣ ብልቃጡን ከድነው ሌሊቱን በጨለማ ያሳድሩት። ጠዋት በቀጭን አሴቲክ አሲድ አልካሊውን ያስታግሡት፣ ውሃ ጨምረው በሄክሴንና በኢታይል አሴቴት እኩል ድብልቅ ቀለሙን በመለያ ፈነል ይሰብስቡ። አሲዱ የሚያስፈልገው የሱዳን 1 ሃይድሮክሲል በጠንካራ አልካሊ ውስጥ ሃይድሮጅኑን አጥቶ ቻርጅ ስለሚይዝና ወደ ውሃው ክፍል ሊያፈነግጥ ስለሚችል ነው።

ይህን አዲስ ጭማቂ ከአሮጌው ጎን በ80 ለ20 ድብልቅ ያስኪዱት። የኤስተሮቹ ነጥቦች ጠፍተው በምትካቸው ከታች ጠንካራ ቀይ ነጥብ ይመጣል፤ የቅባት አሲዱ ካባ ስለተገፈፈ ሃይድሮክሲሎቹ ለሲላኖል ተጋልጠዋልና። ቤታ ካሮቲን የሚሰበር ኤስተር ስለሌለው ከቦታው አይነቃነቅም። ሱዳን 1ም እንደዚያው። እንግዲህ ከካሮቲኑ በታች፣ ኤስተሮቹ በለቀቁት ባዶ ስፍራ ላይ አልነቃነቅ ያለ ብርቱካናማ ነጥብ ከቀረ ከበርበሬው ቀለም ዘር ያልሆነ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከሥራው በኋላ ፕሌቱን ፀሐይ ላይ ቢያኖሩት ሲሊካ ላይ የተነጠፈው ካሮቲኖይድ ፈጥኖ ይገረጣል፤ ሰው ሠራሹ የአዞ ቀለም ግን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ፎቶግራፉ አስቀድሞ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬን ለማንሣት እንጂ ነጋዴን ለመክሰስ አይበቃም። በኪሎ ግራም ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ የተጨመረ ቀለም በፕሌት ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ አንድ ዓይነት አር ኤፍም የሞለኪውል መታወቂያ አይደለም፤ ማረጋገጫው በከፍተኛ ግፊት ፈሳሽ ክሮማቶግራፊና ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚሰጥ ነው።

ወደ ኮለምና ወደ መሣሪያው ሲሻገሩ

በፕሌት ላይ 0.33 የሰጠ አሟሚ በሲሊካ ኮለም (ሲሊካ በተሞላ ቱቦ) ላይ መያዙ 2 አካባቢ እንደሚሆን መገመት ይቻላል፤ ፕሌቱ ደረቅ ሆኖ ስለሚጀምር ግን ትክክል አይገጥምም፣ ለኮለሙ ትንሽ ደከም ያለ ድብልቅ ማዘጋጀት ይሻላል። ሲ 18 በተባለው ቅባታማ ንጣፍ ላይ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ነጻው ካፕሳንቲን ቀድሞ ይወጣል፣ ካሮቲንና ዳይኤስተሮቹ ወደ መጨረሻው ይዘገያሉ። እዚያ የሚፎካከር ሲላኖል የለም ማለት ይቻላል፤ መያዙን የሚወስነው ውሃማው አሟሚ ለሞለኪውሉ ክፍተት ለመክፈት የሚከፍለው ዋጋ ነው። እዚህም የመሳሳቡ ዓይነት ሥራውን አይተውም፤ ሜታኖል ሃይድሮጅን ለጋሽ ሲሆን አሴቶናይትራይል በዳይፖሉ ስለሚሠራ፣ መሣሪያው በሚሥለው መስመር ላይ በአንዱ የተደራረቡ ሁለት ጫፎች በሌላው ሊላቀቁ ይችላሉ።

ሜታኖልንና ውሃን ሲያዘጋጁ እያንዳንዱን ለየብቻ በሜዠሪንግ ሲሊንደር ለክተው ይቀላቅሉ። 50 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ላይ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር 100 አይሞላም፣ 96 ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚጠጋጉ ነው። ሜታኖሉን አስቀምጦ «እስከ 100 በውሃ የሞላ» ሰውና ለየብቻ የለካ ሰው የተለያየ አሟሚ ይዘዋል። ድብልቁ ስለሚሞቅም እስኪቀዘቅዝ መጠበቅና አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አሴቶናይትራይልና ውሃ በተቃራኒው ይቀዘቅዛሉ፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለሱም ይጠበቃሉ።

ያገለገለው አሟሚ በምንም መንገድ ወደ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ወይም ወደ ጎርፍ ቦይ አይደፋም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ስለሌለው የገባበት ነገር ታጥቦ የሚሄድበት ወንዝ የለም። ክሎሪን ያለውን ዳይክሎሮሜቴን ክሎሪን ከሌላቸው ለይተው፣ ስሙና ቀኑ በተጻፈበት፣ አጥብቆ በሚዘጋ የመስታወት ጠርሙስ ይሰብስቡ፤ ከእጅ ሥራ ፕሌት የሚፋቀውን ሲሊካ ግን ዱቄቱ ሳንባ ስለሚጎዳ በውሃ አርሰው ይጥረጉት። በመዝገቡ ላይ ከአር ኤፍ ዋጋው ጎን የአሟሚው መጠን፣ ፕሌቱ የደረቀበት ሰዓት፣ ጠርሙሱ የታፈነበት ጊዜና የክፍሉ ሙቀት ይጻፋሉ፤ እነዚህ ያልተጻፉለት አር ኤፍ ከሌላ ቀን ውጤት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።